የትርንጎ ምስክርነት

ትርንጎ ሁለት ጊዜ ታዝዛ ሁለቱንም ጊዜ ልትሞት ደርሳ ነበር። በሦስተኛው ማንንም አልታዘዘችም፤ ዳነች። ነገሩ ይኸው ነው፤ የቀረው ታዘዢን ያሏት ሰዎች ያሳዩዋት አሳር ነው።

ሳሉ የጀመራት በ1970 ክረምት ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ የሰው ዓይን ነው ተባለ፣ ኋላ አክታዋ ደም ሲቀላቅል ማንም ምንም ማለት ተወ። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በወንድሟ በፈንታው ግቢ፣ ጥግ ላይ ባለች ጎጆ ነበር። ፈንታው ደግ ሰው ነው፤ በቅሎ ተውሶ ላሊበላ ከተማ ወደ ክሊኒክ ወሰዳት። እዚያ ድሬሰሩ ምስጋኑ ደረቷን አዳመጠ፣ አክታዋን አስመረመረ፣ የሳንባ ነቀርሳ ነው አላት። በመርፌ ጀምሮ ከዓመት በላይ የሚዋጥ ክኒን አዘዘላት። ምስጋኑ ሥራውን የሚያውቅ ወጣት ነበር፤ ግን ደህና ዋልሽ ሲልም የተቆጣ ይመስላል። ጸበል የሚባል ነገር እንዳታስቢ፣ በባዶ ሆድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር መቆም ሳንባሽን ይጨርሰዋል፣ ከሰውም ራቂ ብሎ አስጠነቀቃት።

ታዘዘች። እሷ ከሰው ስትርቅ ሰው ደግሞ ከእሷ አብልጦ ራቀ። ዋንጫዋ ተለየ። የወንድሟ ሚስት ምግቧን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ በሩን በዱላ አንኳኩታ ትሄድ ጀመር። ልጆቹ በጎጆዋ በኩል ሲያልፉ ትንፋሻቸውን ውጠው ይሮጣሉ። ፈንታው እርሻ ሲይዘው ክሊኒክ የሚያደርሳት ጠፋ፤ እሷም ብቻዋን ዳገቱን መውጣት አቃታት። ትንሽ ቆይቶ ክኒኑ አልቆ እንኳ ሌላ ላምጣ ማለት ተወች። ለማን ብዬ ነው የምድነው አለች። ያን ጊዜ የሞት መንገድ መጀመሯን ራሷም ታውቅ ነበር።

ፈንታው ሲጨንቀው አፋፍ ማርያም ወሰዳት። አፋፍ ማርያም ከላሊበላ ወደ ሙጃ ከሚወስደው መንገድ ዳር፣ ገደል ሥር የምትፈልቅ ጸበል ናት። ውሃው ከዓለቱ በወይራ አሸንዳ እየወረደ አናት ላይ ይወርዳል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዙሪያውን ጸበልተኛው የሚያድርባቸው የድንጋይ ጎጆዎች አሉ። የገቡ ዕለት አንዲት ዓይነ ስውር ሴት የትርንጎን ፊት በእጇ ዳብሳ የክርስትና ስምሽ ማን ነው አለቻት። ከዚያ በሶ በጥብጠው ከአንድ ገበታ አብረዋት በሉ። ትርንጎ ሰው ከጎኗ ተቀምጦ ሲበላ ካየች ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበርና አለቀሰች።

አጥማቂው መምሬ ገብረ ሊባኖስ ናቸው። እሳቸው ዘንድ ጸበል የሚገባ ሰው አስቀድሞ አንገቱ ላይ ያሰረውን ክታብ፣ ከጠንቋይ የገዛውን ሥር ሁሉ አውልቆ ከአሸንዳው አጠገብ ካለው ክምር ላይ ይጥላል። በዚህ ቀልድ አያውቁም። ስንቱ ምስኪን በሬውን ሸጦ ክታብ ሲገዛና ሲሞት አይተዋል፤ በሽተኛ ልቡን ከሁለት ከከፈለው አይድንም ባይ ናቸው። ክፉነት አልነበረባቸውም። ችግሩ የምስጋኑን ክኒን ከክታቡ አለመለየታቸው ነው። ፈንታው ከክሊኒክ አስሞልቶ የመጣውን ብልቃጥ ሲያዩ ወደ ክምሩ ጠቆሙ። ትርንጎ ታዘዘችና ጣለችው።

ገና የገና ጾም ሳይገባ ደም ተፋች። እንደ ፊተኛው አክታ የነካው አልነበረም፤ አፏን ሞልቶ የሚወርድ ነበር። ፈንታውና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ላሊበላ አደረሷት። ምስጋኑ ጮኸባት፣ ከዚያ መርፌውን ወጋት። አንዲት አክስቷ ቤት አርፋ መርፌዋን እስክትጨርስ ድረስ በየቀኑ ተመላለሰች። ስትጨርስ አክታዋ ተመርምሮ ንጹሕ ሆነ፤ ካሁን በኋላ ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ክኒኑን ግን ብታቋርጪ ደጄን እንዳትረግጪ፣ ጸበል የሄድሽ እንደሆነም እንዳትረግጪ አላት። እሺ አለች። ወጥታ በቀጥታ አፋፍ ማርያም ሄደች።

እዚያ ደግሞ መምሬ ሌላ ነገር ይዘሻል ወይ ብለው ጠየቋት። አልያዝሁም አለች፤ ክኒኑ በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ ነበር። ጠዋት ከአሸንዳው ሥር ትቆማለች። ጾሙ ሲፈታ በሶዋን ትበላለች፣ ፊቷን ወደ ገደሉ ታዞራለች፣ ክኒኗን ትውጣለች። ክኒኑ ሲያልቅ ዘመድ ጥየቃ ብላ ላሊበላ ትወርዳለች፤ ምስጋኑ ስለ ጸበል ሲጠይቃት ኧረ ወዲያ ትለዋለች። ሁለቱንም ዋሸቻቸው። እግዜር ይቅር ይበላት እንጂ እሷስ አልተጸጸተችም። ክረምቱ ሲያልፍ ጉንጯ ሞላ፣ እንጨት መልቀም ጀመረች፣ ሌላውን ሕመምተኛ ደግፋ ወደ ውሃው ታደርስ ጀመር። ይህ ሁሉ ደህና ነበር፣ ወለተ ሐና እስክትመጣ ድረስ።

ወለተ ሐና ገና የሙሽርነት ቀለሟ ከእጇ ያልለቀቀ ልጅ ናት፤ ሳል ሲይዛት ባሏ ወደ እናቷ ሰደዳት፣ እናቷ ወደ ጸበል አመጣቻት። ትርንጎ ሳሉን ገና ከሩቅ ስትሰማው አወቀችው። ልጅቷም ከክሊኒክ ክኒን ተሰጥቷት ነበር፤ መምሬ ሳይጠይቋት፣ በገዛ ፈቃዷ፣ ክምሩ ላይ ጥላዋለች። ለምን ጣልሽው ብትላት በመገረም አየቻት።

«አንቺ እታለም በውሃ ብቻ ድነሽ የለ? አንቺን አይቼ ነው እኮ የጣልሁት።»

ትርንጎ ይህን ስትሰማ ልጅቷን ከገደሉ ጥግ ወስዳ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈትታ አሳየቻት፣ እውነቱን ነገረቻት። ወለተ ሐና ግን አማተበች። ልትፈትኚኝ ነው አለች፤ እውነት ከሆነ መምሬ ባሉበት፣ ሰው በተሰበሰበበት ትይው አልነበር አለች። ከዚያ በኋላ ትርንጎ ብትለምናት፣ ብትቆጣት፣ ጆሮ አልሰጣትም። ልጅቷ በየቀኑ ትከሳ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሁለት ትእዛዝ በላይ በላዩ መጣባት። አንደኛው ከመምሬ ነው። ጸበል ያዳነው ሰው በበዓሉ ቀን ሕዝብ ፊት ቆሞ ይመሰክራል፤ ወጉ ነው። ኅዳር ጽዮን ቀርባለችና እመቤቴ አዳነችኝ፣ ከጸበሏ በቀር የቀመስሁት የለም ብለሽ ትመሰክሪያለሽ አሏት። ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ እንደ ልጃቸው ይወዷታል። ሁለተኛው ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከአዝመራው ነው። እሱም በዚያው በኅዳር ጽዮን፣ በዚያው በአፋፍ ማርያም ስብሰባ ጠርቷል፤ ሕዝቡ በራሱ እግር ስለሚመጣ ማንንም መቀስቀስ አያሻውም። ከወረዳ እንግዳ ይመጣል፣ ድሬሰሩም ይመጣል። ትርንጎ ጸበሉ ሊገድለኝ ነበር፣ ሳይንስ አዳነኝ ትላለች። ከዚያ ጎጆዎቹ ይፈርሳሉ፣ ድንጋዩ ለማኅበሩ መጋዘን ይሆናል፣ ሕመምተኛው ወደየቤቱ ይሄዳል። አዝመራው ይህን ሲነግራት አጭር ነው፣ አትፍሪ ብሎ አበረታታት። ሁለቱም የሚፈልጓት ለግማሽ እውነት ነበር።

በበዓሉ ቀን ገደሉ ሥር ሰው ነጭ ለብሶ ሞላ። ታቦቱ ገብቶ፣ ጸበሉ ተረጭቶ፣ ሕዝቡ ሊበተን ሲል አዝመራው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ስለ ኋላቀር ልማድ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። የወረዳው እንግዳ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ምስጋኑ ከጎኑ ቆሟል። መምሬ ከአሸንዳው አጠገብ መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። ወለተ ሐና ከእናቷ ጭን ላይ ጋደም ብላለች። ትርንጎ ተነሺ ሲባል ተነሳች።

«ድሬሰሩ ጸበል ተዪ ሲለኝ ተውሁ» አለች። «ምግቤ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ በሬ በዱላ እየተንኳኳ ልሞት ነበር። መምሬ ክኒን ጣዪ ሲሉኝ ጣልሁ፤ ደም ተፍቼ በቃሬዛ ወረድሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ዋሽቻቸው ሁለቱንም ይዣለሁ። ሳሌን ያቆመው ክኒኑ ነው፤ ስጥለው የሆነውን ስላየሁ አውቃለሁ። ክኒኑን ለመዋጥ አቅም የሰጠችኝ ግን እቺ ቦታ ናት። ጎጆውን አፍርሰህ ሕመምተኛውን ወደየቤቱ ብትሰደው ክኒን የሚውጥ እንዳይመስልህ አዝመራው፤ ደጃፉ ላይ ነው የሚሞተው።»

«ጓድ ሊቀመንበር በይ» አላት አዝመራው።

«እናትህ እከክህን ከዚህ አሸንዳ ሥር ስታጥብልህ ጓድ አልነበርህም።»

ሕዝቡ ሳቀ። እንግዳው ራሱ ከንፈሩን ነከሰ። ትርንጎ ሳቁን አልጠበቀችም፤ ወደ አሸንዳው ሄዳ በቅል ጸበል ቀዳች፣ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታች፣ ክኒኗን ምላሷ ላይ አድርጋ ሁሉም እስኪያያት ድረስ አፏን ከፍታ ቆመች። ከዚያ በጸበሉ አወራርዳ ዋጠችው።

ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። አንዲት ባልቴት እግዚኦ አለች። ምስጋኑ ሊቆጣ ጀምሮ ተወው፤ ክኒኑን ውጣለችና። መምሬ ገብረ ሊባኖስ ፊታቸው አመድ መሰለ። ዋሽተሽኛል አሉ ቀስ ብለው፣ ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ውሃ እንዳትደርሺ አሉ። ትርንጎን ከሁሉ የጎዳት ይህ ነው፤ ሆኖም ዓይኗን አልሰበረችም። እንግዳው ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና ጉዳዩ ይጠና አለ፤ ይጠና የተባለ ነገር በዚያ ዘመን ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ጎጆዎቹ አልፈረሱም፤ አዝመራው ብስጭቱን የሚወጣበት አንድ ሰው ብቻ ቀረለት።

ስብሰባ አደናቅፈሻል ተብላ ማኅበሩ ማሰሪያ ቤት ገባች። እዚያ ግብር ያልከፈሉና የተደባደቡ ሰዎች ታስረዋል፤ በር ላይ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ አለ። ትርንጎ ጥጓን ይዛ ጥቂት ካሰበች በኋላ መሳል ጀመረች። በታመመች ጊዜ እንኳ ያልሳለችውን ሳል፣ ከሆዷ እየጎተተች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ እያደረገች ሳለችላቸው። እስረኞቹ ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። በማግስቱ የእስረኞቹ ሚስቶች አዝመራው ደጅ ላይ ተሰልፈው ይጮሁ ነበር፤ ጠባቂውም ጠመንጃውን ትቶ ሄደ። አዝመራው ከሩቅ ሆኖ ውጪ አላት። ስታልፍ አፍንጫውን ሸፈነ፤ እሷም ለጨዋታው አንዴ ጨመረችለት።

ወደ ወንድሟ ቤት አልሄደችም። አፋፍ ማርያም ስትደርስ ወለተ ሐና ጎጆው ውስጥ ተኝታ፣ አጠገቧ ደም ያረፈበት ጨርቅ ነበር። ልጅቷ ትርንጎን ስታይ ዓይኗ ሞላ። አየሁሽ አለቻት፤ ስትውጪው አየሁሽ፣ ደግሞም አልሞትሽም አለች። እናቷ ቃሬዛ የሚሸከሙ ወንዶች ከየት ይመጣሉ ብላ ታለቅስ ነበር። ትርንጎ ጎንበስ ብላ ልጅቷን ከጀርባዋ አዘለቻት። ከክሳቷ ብዛት እንደ እንጨት ሸክም እንኳ አልከበደችም።

መምሬ መንገዱ ላይ ቆመው ነበር። ያለፉትን ቀናት ሳይተኙ ያሳለፉ ይመስላሉ፤ መቋሚያቸውን አግድም ይዘውታል። ከሄደች ለዘለዓለም አትመለስም አሉ፣ ልጅቷ ልቧን ከሁለት ከፍላለች አሉ። ትርንጎ መቋሚያው ደረቷን እስኪነካው ድረስ ተጠጋች።

«ትመለሳለች አባ። መርፌዋን ስትጨርስ፣ እንዲህ እንዳዘልኋት እኔው አመጣታለሁ፣ ክኒኗንም ይዛ። ያን ቀን ካልፈቀዱ አሸንዳውን ነቅለው ይጠብቁን፤ ከዓለቱ እንቀዳለን። ውሃው የእመቤቴ ነው፣ የአንቱ አይደለም።»

የመምሬ መቋሚያ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ትርንጎም አልፋ ወደ ላሊበላ የሚወስደውን ቁልቁለት ያዘች።