ሹም ባካሪ አንበሳ ያሳደኑ ዕለት

በእኛ መንደር፣ በኪሲ ኮረብቶች ላይ፣ አረቄን በስሙ የሚጠራው ፖሊስ ብቻ ነው። እኛ «የአንበሳ እንባ» እንለዋለን፤ ሲያጥር ደግሞ «አንበሳው»። ሁለት ሦስት ቀን ሳያቋርጡ መጠጣት «አደን መውጣት» ይባላል። ይህን የማያውቅ ሰው ይመጣል ብለን አስበን አናውቅም። ሹም ባካሪ ግን ከሞምባሳ ተሹመው መጡ፤ መጠጥ በደጃቸው አልፎ አያውቅም።

በመጡ በሁለተኛው ሳምንት ከስፌት ቤቴ ቁጭ ብለው ሱሪያቸውን ሳሳጥርላቸው፣ የኦምባቲ ሚስት ኬሙንቶ እየተንጨረጨረች ገባች።

«ባሌን አላየኸውም?»

«ምነው፣ አልገባም እንዴ?»

«ሐሙስ አደን እንደወጣ ነው! አሁን አንበሳው ጥሎት ሙዙ ሥር ተዘርሯል አሉኝ። ይበለው! ባለፈው ወር ሁለት ጥርሱን አስወልቆት እንኳ አልተማረም።»

«ተይው፣ ሲነጋ ይነሣል» አልኳት እየሳቅሁ።

ሹሙ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «ሰው ወድቆ ትስቃላችሁ?» ብለው ሱሪያቸውን ሳይወስዱ ወጡ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጨዋታው ጣመኝና ዝም አልኩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሹሙ ያስጠሯቸው ሦስት የዱር እንስሳት ጠባቂዎች ጠመንጃ አንግበው በመኪና መጡ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። «አንበሳው የት ነው የሚውለው?» ሲሉ አንዱ ሌላውን እያየ ከንፈሩን ይነክሳል።

ወሬው እማማ ክዋምቦካ ዘንድ ሲደርስ ግን አልሳቁም። አምስት ልጆች ያሳደጉት አረቄ አውጥተው ነው፤ ጠቋሚ ያስያዛቸው መሰላቸው። ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው፣ በብብታቸው ይዘው፣ ሕዝቡን እየገፉ መጡ።

«ጎረቤት አታንገላቱ» አሉ። «አንበሳው እኔ ቤት ነው። ውሰዱኝ።»

ጠባቂው ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። «ቤት ውስጥ ነው እማማ? ታስሯል?»

«በጋን ነው ያለው፣ ልጄ።»

ይሄኔ ኦምባቲ እየተንገዳገደ ከመሀል ገባ። «አትተኩሱ! ጋኑ ቢበሳ ምን ይውጠኛል!» ኬሙንቶ ኮሌታውን ይዛ መለሰችው። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ፤ ጠባቂዎቹም መኪናው ላይ ተደግፈው ሆዳቸውን ያዙ።

ሹም ባካሪ ብቻ አልሳቁም። ዓይናቸው ፈልጎ እኔን አገኘኝ።

«ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም» አሉ በዝግታ። «ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆች መንገዱን እንዴት ያልፉታል እያልኩ ስጨነቅ ነው ያደርኩት።»

ሳቁ ቀጥ አለ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ።

እማማ ክዋምቦካ ወደ ሹሙ ዞሩ። «በዚህ ዕድሜዬ ስንት ሹም አየሁ» አሉ። «ስለ እኛ እንቅልፍ ያጣ ግን አላየሁም።» ማንም ሳያዛቸው ቤታቸው ገብተው ጋኑን እየጎተቱ አወጡና ቦዩ ውስጥ ደፉት። ሹሙ ጎንበስ ብለው አገዟቸው። ኦምባቲ ዘመድ እንደሞተበት አለቀሰ።

ዛሬ እማማ ክዋምቦካ ገበያው ጥግ የቻፓቲ ቂጣ ይጋግራሉ፤ ቦታውን ያሰጧቸው ሹም ባካሪ ናቸው። ኦምባቲ ደግሞ ወንዙን ተሻግሮ ሌላ መንደር ይሄዳል። እዚያ አረቄውን «የአማት ምክር» ነው የሚሉት አሉ። አቀበቱ ቦርጩን ስላጠፋለት ኬሙንቶ፣ «ባሌ አማረበት» ትላለች።