በራሷ አፍ

«ለታናሽ እህቷ እናትም አባትም ነበረች» አለች ለቅሶ የመጣች አንዲት ጎረቤት ወንበሯን ወደ ግድግዳው እያስጠጋች።

«አፍም ነበረች» አለች ታናሿ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ በልቧ፣ የሻዩን ፔርሙስ ይዛ በእንግዶቹ መሀል እያለፈች።

ቂሟ ይሄ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ሐኪም ቤት የሚሄዱት አብረው ነው። ሐኪሟ ሰፊዋን እያየች «የድባቴውን መድኃኒት ትንሽ እንቀንሰው ይሆን? ምን ይመስልዎታል?» ትላለች። ሰፊዋ አፏን ሳትከፍት ታላቅ እህቷ ከጎን «አይቀነስም!» ትላለች። በቃ፣ አለቀ። የሰው ቀሚስ ስታጠብብና ስታሰፋ የምትውል ሴት በገዛ ራሷ ላይ አንዲት ቃል አጣች።

ሟቿ ሆቴል ውስጥ ልብስ አጣቢ ነበረች። የሥራ ጓደኞቿ «አዋጅ» ይሏታል፤ ማንሾካሾክ አልፈጠረባትም። ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ሳይቀር «ክኒንሽን ዋጥሽ ወይ?» ብላ ስትጮህ ተራ ጠባቂው ሁሉ ዞሮ ያይ ነበር።

አሁን አዋጅ የለችም። ከሥራ ስትመለስ መንገድ ላይ ልቧ ቀጥ አለ። ሰፊዋም እስካሁን አላለቀሰችም፤ ቤቱ ሁሉ የሚያንሾካሹከው ስለዚሁ ነው።

«ደንዝዛ እኮ ነው።»

«መድኃኒቱ እንባዋን አድርቆት ነው፣ ምስኪን።»

ሰፊዋ ሁሉንም ሰማች፤ ሻይ መቅዳቷንም አላቆመች። ያን ጊዜ አክስቷ እጇን ይዘው ወደ ጓዳ ጎተቷት።

«ስሚኝ ልጄ። ያንን ክኒን ወርውሪውና እንደ ሰው አልቅሺ። እሷ እንደሆነች የለች፣ ማን ይቆጣሻል?»

«አክስቴ፣ ለቅሶ በሊትር አይሰፈርም።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ምንም ሳልሆንም ሲል ነው የኖረው።»

ታክሲ ነጂው ታናሽ ወንድሟ በሩን ተደግፎ ሲሰማ ኖሯል። «እንዳትሰሚያቸው እትዬ» አላት። «እንዲያውም ይሄ እስኪያልፍ ሁለት ሁለት አድርጊው። አንቺ ከወደቅሽ ማን ያነሳሻል? የምታነሳሽ እሷ ነበረች።»

«አንዱ ጣይው፣ አንዱ ደርቢው!» አለች ሰፊዋ እጇን ከአክስቷ እያላቀቀች። «እኔን ግን የጠየቀኝ የለም።»

የፈለጉትን ይበሉ ብላ ተመልሳ ወጣች። የወንድሟ ነገር ግን ወጋት፤ እውነት ነዋ።

ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ በእልህ፣ ለማንም ሳትነግር፣ መድኃኒቱን በአንዴ አቁማው ነበር። መጀመሪያ ራሷ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ብልጭ እልም የሚል ነገር መጣ፤ ወለሉ ከእግሯ ስር ዞረባት። እሱ ጋብ ሲል ደግሞ ያ የድሮው ጨለማ እያደር ተመልሶ ደረቷ ላይ ተቀመጠ። የሙሽራ ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ እሷ ከልብስ ስፌት ሱቋ በስተጀርባ ባለችው ክፍል ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

አዋጅ መጣች። አየቻትና አልጮኸችም። ሱቁን ከፈተች፣ መጋረጃውን ጋረደችና የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠች። መስፋት እንኳ አታውቅም፤ ቁልፍ ስትተክል ጣቷን ነው የምትወጋው። ክር የሌለውን መኪና ግን ፔዳሉን እየረገጠች ቀኑን ሙሉ አስጮኸችው፤ መንገደኛው «ሰፊዋ ሥራ ላይ ናት» እንዲል። ደንበኛ ሲመጣ ራሷን በመጋረጃው ብቅ አድርጋ «ሥራ በዝቶባታል፣ ሌላ ቀን ተመለሽ!» ትላለች። ሲመሽ አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ ብላ «መኪናሽ አውሬ ነው፣ ጉልበቴን በላው» አለች። ሐኪም ቤት የወሰደቻትም እሷው ናት። «አይቀነስም!» የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ምስጢር አይበረክትላትም የተባለችው ሴት የዚያን ሰሞን ነገር ለማንም ሳትተነፍስ ሞተች።

የሐኪም ቀጠሮው የዋለው እዚያው ሐዘን ውስጥ ነበር። ጠዋት ሰፊዋ ጫማዋን ስታደርግ አክስቷ ዓይናቸው ፈጠጠ።

«እንግዳ እየመጣ ወዴት ነው?»

«ሐኪም ጋ። ቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆኖብኛል፤ የተማረችውን ልጠይቅ።»

ሐኪሟ ስለ ሟቿ ስትሰማ ብዕሯን አስቀመጠች። እግዜር ያጥናሽ አለቻትና፣ ወዲያው «ያጥናዎት» ብላ አረመች። ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግቧ፣ ስለ ሥራዋ ጠየቀቻት። እንባው እምቢ ማለቱንም ሰማች።

«መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፤ ሐዘኑ ራሱም ሰውን እንዲህ ያደርጋል» አለች። «ደህና ከሆኑ ቆይተዋል፤ ቀስ እያልን መቀነስ ይቻላል። ሕመሙ ደግሞ ተመላልሶ ይዞዎታልና ለረጅም ጊዜ መቀጠልም ይቻላል፣ ነውር የለውም። አሁን ሐዘን ላይ ስለሆኑ እኔ አልቸኩልም። እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ሰፊዋ ወደ ጎን ዞረች። ባዶ ወንበር። ስንት ዓመት የተመኘችው ዝምታ መጣላትና የምታደርገው ጠፋት። «ይቀነስ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር፤ ለመዋጋት ተስሎ የኖረ ቃል ነው። አሁን የሚዋጉት ሰው የለም።



«እቀጥላለሁ» አለች ሰፊዋ።

«እህትዎ አይቀነስም ስላሉ ነው?»

«እሷማ ስላለች አይደል ልቀንስ ስል የኖርኩት!»

ሁለቱም ሳቁ። ሰፊዋ ሳቋ ሲያልቅ ጉልበቷን መታ መታ አደረገች።

«ጨርቅ በእልህ አይቆረጥም ዶክተር። ልቤ ሲረጋ ይጥበብልኝ ካልኩ እነግርዎታለሁ። ያኔም ልብስ እንደማጠብበው ነው፤ መጀመሪያ በልል ክር ወስውሼ፣ ለብሼ አይቼ። ከጠበበኝ እንፈታዋለን። ዕድሜ ልክ ካልኩም ዕድሜ ልክ ነው፤ ጠዋት ተነስቼ መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው በእሱ ነው። የሚናገረው ግን ይሄ አፍ ነው።»

«እንዲሁ ነው የሚደረገው» አለች ሐኪሟ። «እስከዚያው እንዳለው እንቀጥላለን። ከከበደዎት ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ይምጡ።»

ሰፊዋ ተነሳች፣ ተሰናበተች፣ በሩን ከፍታ ወጣች። አዋጅ ሁልጊዜ ኋላ ነበር የምትቀረው፤ ለሐኪሟ አንድ ነገር ሳትደግምላት አትወጣም ነበር። ሰፊዋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ በሩ እንዳይዘጋ በክንዷ ደግፋ ያዘችው። ተራው የደረሰው ሰውዬ ለእሱ የያዘችለት መስሎት «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ጎንበስ ብሎ ገባ።

እሱ ከገባም በኋላ በሩን ትንሽ ይዛው ቆየች።