አካሉ ካርታ ሲመርጥ

አካሉ ከናይሮቢ ሥልጠና ሲመለስ ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ይዞ የመጣው አንድ ሳጥን የጨዋታ ካርታ ነበር። ቸኮሌት የጠበቁት ቅር አላቸው። ወንጌላዊት ግን ከእሱ መልካም ነገር ጠብቃ ስለማታውቅ አልከፋትም።

እሷ የጣናን ውሃ በሚያጠናው በዚያ ትንሽ ቅርንጫፍ የዕቅድ ባለሙያ ናት፤ አካሉ ኃላፊዋ ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» ትለዋለች። በልቧ አንቱታውን የነፈገችው ለመስክ ሥራ ወደ ደልጊ በጀልባ የሄዱ ዕለት ነው። የመንሳፈፊያ ሰደርያው ለሁሉም ይበቃ ነበር። አካሉ ግን አንዱን ለበሰና ሌላውን ላፕቶፑን ጠቅልሎበት ጭኑ ላይ አስቀመጠ። የግዢ ሠራተኛዋ ሒክማ ዋና አትችልም። ያለ ሰደርያ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጣ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ዱዓ ስታደርግ ደልጊ ደረሱ። አካሉ መሬት ሲረግጥ ላፕቶፑን ከፍቶ አየና «ተመስገን፣ ደህና ነው» አለ።

መተባበርን ሊያስተምራቸው የተነሣው እንግዲህ ይህ ሰው ነው።

«ጨዋታው እርስ በርስ መወዳደሪያ አይደለም» አላቸው፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ አስፈትቶ በስብሰባው ክፍል ጠረጴዛ ዙሪያ ከሰበሰባቸው በኋላ። «አራታችንም በአንድ ወገን ነን። ጠላታችን የጥልቁ ዘንዶ ነው። ወይ አብረን እናሸንፋለን፣ ወይ አብረን እንጠፋለን።»

አራተኛው ሰው የኮምፒውተር ባለሙያው ቴዎ ነበር። የካርታዎቹን እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልሶ በትንንሽ ወረቀት እየጻፈ የለጠፈባቸው እሱ ነው። ማንም አላዘዘውም። አካሉ ሊያዝ የሚችለውን ሁሉ ቀድሞ የመሥራት ልማድ ነበረው።

አጨዋወቱ ከባድ አልነበረም። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጀግና ይሆናል፤ ሲጀምር ጥቂት ደካማ ካርታዎች ያሉበት የራሱ ክምር ይሰጠዋል። በየዙሩ ጠረጴዛው መሀል አዳዲስ ካርታዎች ተገልጠው ይዘረጋሉ። ተራው የደረሰው ከእነዚያ አንዱን መርጦ ክምሩ ላይ ይጨምራል፤ አለዚያም ከክምሩ የማይረባውን አንዱን ያስወግዳል። ከዚያ ክምሩን በውዞ ጥቂት ካርታዎች ያነሣና በእነሱ ዘንዶውን ይዋጋል። ታዲያ ሰይፉም አውሬውም እንዲሁ በባዶ አይሠራም። ትልቁን ካርታ ለመጠቀም ብርሃን ያስፈልጋል፤ ብርሃን የሚሰጡት ደግሞ ችቦ የሚባሉት ተራ ካርታዎች ናቸው። ሥዕላቸው እንኳ አያምርም፤ እንጨት ላይ የተጠመጠመ ጨርቅ ነው። ሲጀመር በሚሰጠው ክምር ውስጥም ጥቂቶች አሉ።

አካሉ መጀመሪያ መረጠ፤ ኃላፊ ነዋ። ባለ ሦስት ራስ አንበሳውን ወሰደ። በሚቀጥለው ዙር የነበልባል ሰይፍ፣ ከዚያ ነጎድጓድ የሚጠራ ጠንቋይ፣ ከዚያ የወርቅ ጋሻ። ችቦ ሲዘረጋ፣ ምግቡ ላይ ዝንብ ያረፈበት ይመስል በጣቱ ጫፍ ወዲያ ይገፋዋል፤ ሲጀምር የተሰጡትንም አንድ በአንድ አስወግዷቸዋል። የቴዎ ተራ ሲደርስ ቴዎ አካሉን ቀና ብሎ ያይና «ይቺን ለእርስዎ ላቆያት?» ይላል። ማቆየት ማለት እሱ ምንም ሳይመርጥ ማለፍ ነው።

ውጊያው መጣ፤ አካሉ ያነሣውን ካርታ አየ። አንበሳ፣ ሰይፍ፣ ጠንቋይ፣ ጋሻ። ሲያዩት ዓይን ይሞላል፤ አንድ ችቦ ግን የለበትም፤ ስለዚህ አንዱም አልሠራለትም። ዘንዶው ሒክማን በላ፤ ቴዎን በላ፤ ወንጌላዊትን በላ፤ በመጨረሻም ካርታውን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ የተቀመጠውን አካሉን በላ።

«የቡድናችን ድክመት ይታያችኋል?» አለ አካሉ። «ሒክማ፣ አንቺ አንድም ጠንካራ ካርታ አልመረጥሽም።»

ጠንካራ የተባለውን ሁሉ እሱ ወስዶታል። ሒክማ የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ትርፍ የሌለው ክርክር ውስጥ አትገባም። «እሺ» አለች ብቻ።

በሚቀጥለው ዓርብም ተሸነፉ፤ በሚቀጥለውም። አካሉ ከሽንፈቱ ሁሉ አንድ ትምህርት ይወስዳል፤ የሚቀጥለው ካርታ ከዚህኛው የበለጠ ትልቅ መሆን አለበት የሚል። አንድ ቀን ወንጌላዊት አላስችላት አለ።

«አቶ አካሉ፣ ሁለት ችቦ ቢጨምሩበት እኮ አንበሳዎ ይሠራል።»

አካሉ ለሕፃን እንደሚያዝን ሰው ፈገግ አለ። «ወንጌላዊት፣ መሪ ችቦ አይዝም። ችቦ የሚያዝለት ነው።»

«እዚህ ግን ብርሃኑ ከራስ ክምር ነው የሚመጣ። ማንም ሊይዝልዎ አይችልም።»

«አስተሳሰብሽን ከፍ አድርጊው» አለና የሚቀጥለውን ትልቅ ካርታ ወሰደ።

ከዚያ ወዲህ መናገሩን ተወችው። እንዲያውም ዓርብ ሲደርስ ደስ ይላት ጀመር። ወንበሯን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጋ ትቀመጣለች፤ ከደጅ ሐይቁ ላይ ታንኳ ሲያልፍ ታያለች፤ ከዚያ ዓይኗን መልሳ አካሉ አምስተኛ ሰይፉን ሲያነሣ ትመለከታለች። የሳምንቱ ድካሟ የሚለቃት ያኔ ነበር። ሰውን እንዲህ በእርጋታ መናቅ የሚያሳርፍ ነገር መሆኑን ቀድሞ አታውቅም ነበር።

አካሉ ለካ ይህን ሁሉ ሽንፈት «ውጤታማ ተሞክሮ» ብሎ ለበላይ ሪፖርት አድርጎታል። ወይዘሮ ማኅሌት የተባሉ የሥልጠና ኃላፊ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሊጎበኙ መጡ። የመጡ ዕለት አካሉ ክራባት አስሮ ገባና እንግዳዋ ከመግባታቸው በፊት ሦስቱንም ኮሪደሩ ላይ አቆማቸው።

«ዛሬ መሸነፍ የለም። ገብቷችኋል?»

«ገብቶናል» አለ ቴዎ ለሦስቱም።

በዚያን ዕለት ወንጌላዊት አካሉ ወዲያ የገፋውን ችቦ ሁሉ ለቀመች። ከክምሯ ደካማ ደካማውን አውጥታ ጣለች። የፈውስ ውሃ የሚባለውንም ካርታ ያዘች፤ ለተጎዳ ጀግና ሲሰጥ ያድነዋል። ሒክማም ሳትናገር ትንንሽ ቀስቶችና ችቦዎች ስታጠራቅም ዋለች። አካሉ እንደ ልማዱ አንበሳውን ወሰደ፤ ቴዎ እንደ ልማዱ አቆየለት። ወይዘሮ ማኅሌት ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጠው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያያሉ።

ዘንዶው ክፉኛ መታቸው። አካሉና ሒክማ ሁለቱም አንዲት ትንፋሽ ብቻ ቀራቸው። ፈውስ የያዘችው ወንጌላዊት ናት፤ ያላት ደግሞ አንድ ነው።

«ወዲህ በይው» አለ አካሉ፣ መዳፉን ዘርግቶ። ጥያቄ እንኳ አልነበረም።

ሒክማ ካርታዋን ታያለች እንጂ ምንም አልጠየቀችም። ወንጌላዊት የአካሉን የተዘረጋ መዳፍ አየችው፤ ክራባቱን አየችው። ቶሎ መመለስ አልፈለገችም፤ ደቂቃዋን አጣጣመቻት።

«ለሒክማ ነው የምሰጠው» አለች።

የአካሉ መዳፍ እዚያው ቀረ። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ወይዘሮ ማኅሌትን አየና ዘጋው። አንበሳውን አነሣ፤ ችቦ የለውም፤ መልሶ አስቀመጠው። ዘንዶው በላው።

መመሪያው የወደቀ ቢኖርም የቀሩት ካሸነፉ ድሉ የሁሉም ነው ይላል። ቴዎ የሚያቆይለት ሰው አጣ። ተራው ሲደርስ ግራ ቀኝ አየ፤ ከዚያ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የነበልባሉን ሰይፍ ለራሱ ወሰደ። ያላስወገዳቸው ችቦዎች ከክምሩ ወጡለትና ሰይፉ ሠራ። ሒክማ ቀስቷን ጨመረችበት። ዘንዶው ወደቀ። ቴዎ ራሱ ያደረገውን አላመነም፤ ጣቶቹን እያየ ቀረ።

«ደስ ይላል» አሉ ወይዘሮ ማኅሌት። «አቶ አካሉ ግን ቀድመው ወደቁሳ?»

አካሉ ክራባቱን አስተካከለ። «ሆን ብዬ ነው የወደቅኩት። መሪ ቦታውን ለቡድኑ መልቀቅ ያለበት ሰዓት አለ። ልጆቹ በራሳቸው እንዲቆሙ ያንን ላሳያቸው ነው የፈለግኩት።»

ወንጌላዊት እንግዳዋ ይስቃሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። «ይሄማ ለጎንደርም ለሌሎቹም ቅርንጫፎች መዳረስ አለበት» አሉ። ቴዎ አጨበጨበ።

ከሥራ ሲወጡ ወንጌላዊትና ሒክማ በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ አብረው ሄዱ። ወንጌላዊት እየሳቀች የአካሉን ቃል በራሱ ድምፅ ትደግማለች፤ ክራባት የሌለበትን አንገቷን ታስተካክላለች። ሒክማ አልሳቀችም።

«አውቀሽ ነው የጣልሽው» አለች ሒክማ።

«አውቄ ነው። ያንሰዋል። ደልጊ የሄድን ዕለት ያደረገሽን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም።» ሒክማ ሻርፗን ከነፋሱ ሰበሰበች። «ዛሬ ውሃውን ስትሰጭኝ ግን እኔን አላየሽኝም። እሱን ነበር የምታይ። ያን ጊዜም ጀልባው ላይ አጠገብሽ ነበርሁ። አንቺ ሰደርያ ለብሰሻል፣ ዋናም ትችያለሽ፤ ግን እሱን እያየሽ ነበር።»

ሒክማ ባጃጅ አስቁማ ተሰናበተቻትና ሄደች። ወንጌላዊት እዚያው ቆማ ያን የጀልባ ጉዞ እንደገና አሰበችው። የአካሉን ፊት እያንዳንዱን ነገር ታስታውሳለች፤ ላብ ያረፈበትን ግንባሩን ሳይቀር። የሒክማ እጅ የትኛውን ጠርዝ ጨብጦ እንደነበር ግን ልታስታውስ አልቻለችም።

አካሉ ሳጥኑን ይዞ ጎንደር ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮው ሰላም አገኘ። ሲመለስ ማክሰኝት ላይ የመኪናው ጎማ ተነፈሰና ሾፌሩ እስኪቀይር ለወንጌላዊት ደወለላት።

«እየሠራ ነው» አለ፤ ድምፁ ደስታ ሞልቶታል። «በሁሉም ጨዋታ ቀድሜ እወድቃለሁ፤ በሁሉም ያሸንፋሉ። በቶሎ በወደቅኩ ቁጥር እነሱም በቶሎ ነው የሚያሸንፉት። መርህ ነው እንግዲህ፤ ልጽፈው አስቤያለሁ።»

ዋሽቶ ያመለጠበትን ነገር አሁን አምኖበታል። ወንጌላዊት የምትለው ስለታም ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሰውዬው ከመጣ ጀምሮ ከተናገረው ሁሉ ስሕተት የሌለበት ይህ ብቻ መሆኑን አሰበችና ዋጠችው።

«እውነትዎን ነው» አለች። «ይጻፉት።»

«አንበሳውን ግን ለአንቺ ልሰጥሽ ነው። ዓርብ ትወስጂዋለሽ።»

«አልፈልገውም፤ እርስዎ ይያዙት» አለችና ስልኩን ዘጋች።