ከሆቴሉ ጀርባ ያለው ቧንቧ

፩

«ጋሽ ዘርጋው፣ ባሕር አይተው ያውቃሉ?»

«ዘጠኝ ዓመት ኖሬበታለሁ።»

«ተመስገን» አለች ሴትዮዋ በስልክ።

፪

ተመስገን ያለችበት ምክንያት ይህ ነው። ሴትዮዋ ፌቨን ናት፤ የምትሠራበት ድርጅት ውቅያኖስን ከብክለትና ከአየር ንብረት ለውጥ ስለ መታደግ የሦስት ቀን ዐውደ ጥናት አዘጋጅቷል፤ ባሕር በሌለው አገር፣ ሐይቅ ዳር በቆመ ሆቴል። ከመቶ ሃያ ተጋባዦች መካከል ባሕርን ከአውሮፕላን መስኮት ሌላ ያየ ጠፋ። በስንት ፍለጋ ዘርጋው ተገኘ፤ ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል መርከብ ሞተር ክፍል ያገለገለ፣ ከዚያ ወዲህ አዳማ ላይ ቧንቧ ሲጠግን ያረጀ፣ የሰባ አንድ ዓመት ሰው።

፫

ሙሉ ስም፦ ዘርጋው አበጋዝ
ሙያ፦ ቧንቧ ሠራተኛ

ፌቨን ሙያውን ሠርዛ «የባሕር ዳርቻ ማኅበረሰብ ተወካይ» ብላ ጻፈችበት።

«የትኛው ባሕር ዳርቻ?»

«ለሪፖርቱ ነው፣ ጋሼ።»

፬

3፡00 የመክፈቻ ንግግር
3፡40 የመክፈቻ ንግግር (የቀጠለ)
4፡20 የቡድን ፎቶ
4፡30 የሻይ እረፍት
5፡00 የባሕር ምስክርነት (3 ደቂቃ)
6፡30 ምሳ፦ ዓሣ

ንግግሩን እኔ ዘልዬዋለሁ። ዘርጋው ግን መዝለል አልቻለም። ዓሣው ደግሞ ከሌላ ሐይቅ በበረዶ ተጭኖ የመጣ ነው፤ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

፭

በሻይ ሰዓት ዘርጋው አየር ሊቀበል ከሆቴሉ ጀርባ ወረደ። ባቲሶ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን ደፍቶ ላዩ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ አንድ ወፍራም ቧንቧ ግራጫ ውኃ ወደ ሐይቁ ይተፋል። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ዳር ዳሩን የሞቱ ዓሦች ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈዋል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለተኛ ክረምቱ ነው፣ አባቴ። አቤት ስንል የሆቴሉ ሰዎች ቧንቧው አርጅቶ ፈነዳ ይሉናል።»

ዘርጋው ተንበርክኮ መጋጠሚያውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ይሄ አልፈነዳም» አለ። «ታስቦ የተቀጠለ ነው።»

፮

ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ

ዘርጋው፦ የሰጣችሁኝ ወረቀት ባሕራችን ውብ ነበር ይላል። ውብ ነበር። ያቆሸሽኩት ግን እኔ ነኝ።

(ሳቅ)

ዘርጋው፦ ጄኔራል ሊጎበኘን ነውና መርከቧ ትጽዳ ተባለ። ከሞተሩ ሥር የተጠራቀመውን ዘይት ባሕር ውስጥ ልቀቀው አሉኝ። በዚህ እጄ ከፈትኩት። ጠዋት ከመርከቧ ጎን አንዲት ኤሊ አገኘሁ፤ ዓይኗ በዘይት ተደፍኗል። በሸሚዜ ጠረግኩላት። ገልጣ አየችኝ። ከዚያ ሞተች። ይህን ለባለቤቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

መድረክ መሪ፦ ልብ የሚነካ ነው። እናመሰግናለን፣ ጋሽ ዘርጋው።

ዘርጋው፦ አልጨረስኩም። ትናንት ያደርኩት እዚህ ነው። ዛሬ ጠዋት የታጠብኩበት ውኃ ከዚህ ቤት ጀርባ ሐይቁ ውስጥ ገብቷል። የናንተም። ዘጠና እርምጃ ነው፤ ተነሡና እንየው።

(ጭብጨባ)

ዘርጋው፦ እንሂድ ነው ያልኩት።

(ጭብጨባ)

፯

ምሳ።

፰

እሱ አልበላም። ሰዉ ሹካና ቢላዋውን ሲያነሣ ወደ ባቲሶ ተመልሶ ሦስት ጆንያ አሸዋና ያረጀ መረብ ለመነው። አንድ ሰዓት አልፈጀባቸውም። የአርባ ዓመት ሙያውን ውኃ ለማስኬድ አውሎት ነበር፤ ያን ቀን ለመግታት አዋለው።

በዘጠኝ ሰዓት የምድር ቤቱ መጸዳጃዎች ወደ ላይ መለሱ። ወዲያው የኩሽናው ወለል ተጥለቀለቀ። አዳራሹ ውስጥ የአቋም መግለጫው ረቂቅ እየተነበበ ነበር፤ አራተኛው አንቀጽ ላይ ሽታው ደረሰ። ስለ ብክለት ሦስት ቀን ሊወያዩ የመጡ ሰዎች ሦስት ደቂቃ አልታገሡትም፤ አፍንጫቸውን ይዘው ወጡ።

፱

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሁለት ጥበቃዎች አስከትሎ ወረደ። ፌቨንም ጫማዋን በእጇ ይዛ ተከተለችው።

«ይሄን የደፈነ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ዘርጋው። «የቀጠለውስ ማን ነው?»

ሰውዬው እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ፌቨን ዞረ። «የእርስዎ እንግዳ ናቸው። ይክፈቱት ይበሏቸው። አለዚያ ፖሊስ እጠራለሁ፤ ድርጅትዎም ያውቀዋል።»

ፌቨን ሐይቁን አየች። ለዝግጅቱ ቀድማ መጥታ ሁለት ቀን ሙሉ ከበረንዳው ፎቶ ስታነሣው ከርማለች፤ ከዚህ በኩል ግን አይታው አታውቅም። አንድ የሞተ ዓሣ በባዶ እግሯ ጎን ይወዛወዛል።

«ልጄ» አላት ዘርጋው፣ «እኔ ያኔ ክፈት ሲሉኝ ከፍቻለሁ። ዛሬ አልከፍትም። አንቺ የመሰለሽን በይ።»

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን አወጣ። ባቲሶ ከጀልባው ላይ ተነሥቶ ቆመ።

፲

ፌቨን፦