የቅናሽ መስኮት

«ለክቡራን ደንበኞቻችን በሙሉ! የምርመራ ማዕከላችን የበላይ አመራር ጉዳዩን በጥልቀት ከመረመረ በኋላ፣ ከዛሬ ጀምሮ የመጠበቂያ አዳራሹ የቴሌቪዥን ሪሞት ከጥበቃ ክፍሉ ውጪ በማንኛውም ግለሰብ እጅ እንዳይገኝ በሙሉ ድምፅ መወሰኑን በታላቅ አክብሮት ያስታውቃል።»

ጎሚስታው ማስታወቂያውን ደጋግሞ አነበበው። ሪሞቱን ፈልጎት አይደለም፤ ከማስታወቂያው ሥር የተቀመጠችውን የቅናሽ መስኮት ልጅ ላለማየት ነው። ልጅቷ እጇን በመስታወቱ ቀዳዳ አውጥታ ስልኩን ትጠብቃለች።

«አባቴ፣ ወረፋው ረጅም ነው። የባንክዎን አፕ ከፍተው ይስጡኝ። የስድስት ወር እንቅስቃሴ ብቻ ነው የማየው።»

«ይኸው ወረቀት አምጥቻለሁ እኮ፤ ከባንኩ ያጻፍኩት…»

«ይሄ ሒሳብ እንዳለዎት ነው የሚያሳየው። እኔ የምፈልገው እንደሌለዎት የሚያሳየውን ነው» አለችና ወረቀቱን በአንድ ጣቷ መለሰችለት።

ሚስቱ ከኋላው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና ተቀምጣለች። ያ ዓይኗ ካለፈው ወር ጀምሮ ግማሹን ዓለም አላይም ብሏል። ሐኪሙ «ጭንቅላቷ በኤምአርአይ ሳይታይ አንድ ክኒን አላዝም፤ ይሄ ሳምንት ካለፈ ደግሞ ለሌላኛው ዓይኗም ዋስ አልሆንም» ብሏል። የኤምአርአዩን ዋጋ ሲሰማ የጎሚስታውም ዓይን ለጊዜው ጨልሞበት ነበር።

ማዕከሉ ግን ርኅሩኅ ነው። ለአቅመ ደካማ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። በምትኩ የሚፈልገው የከፋዩን የባንክ ሒሳብ ገልጦ ማየትና «አዎ፣ ድሃ ነው» ብሎ የሚፈርም የቤተሰብ ምስክር ነው። ምስክሩም ከጎኑ ቆሟል፤ የሚስቱ ታናሽ እህት ባል፣ የሚኒባስ ሹፌር። ቅናሹን ያጣራው እሱ ነው። ጠዋት ሥራ ትቶ ያመጣቸውም፣ ታማሚዋን ደግፎ ደረጃውን ያወጣትም እሱ። ሰፈሩ ሁሉ «ወርቅ ልጅ» ይለዋል። ወርቁ ልጅ ቤቱ ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ ምን እንደሚሆን የሚያውቁት ግን የገዛ ሚስቱና ጎሚስታው ብቻ ናቸው።

የሹፌሩ ሚስት ፀጉር ቤት ትሠራለች። ደመወዟም የባንክ ካርዷም በባሏ ኪስ ነው። አንድ ጠዋት አንገቷን በሻሽ ጠቅልላ ጎማ ቤቱ መጣችና ሻሹን ፈታ አሳየችው። የባሏ ጣቶች አንድ በአንድ ታትመው ነበር።

«ጋሼ፣ ደንበኞቼ ጉርሻዬን በአንተ ሒሳብ ያስገቡልኝ። ለእትዬ እንዳትነግራት። እሷ ሆዷ አይችልም፤ ሄዳ ትጮህበታለች። እሱ ደግሞ ይገድለኛል።»

ከዚያ ወዲህ የምትሸሽበት ገንዘብ በጎሚስታው ሒሳብ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይጠራቀማል። ሩቅ ከተማ ለክፍል ኪራይ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል። ለዛሬው ምርመራም ይበቃ ነበር። ቢጠይቃት ዓይኗን ሳታሽ ትሰጠዋለች። ያልጠየቃትም ለዚሁ ነው፤ ሰጥታው እዚያው ቤት ትቀራለች።

«ስጣት እንጂ ጋሼ!» አለ ሹፌሩ። «ለድሃ ደግሞ ምን ምስጢር አለው? የእኔማ ሒሳብ ቢከፈት አይጥ እንኳ አልቅሳ ነው የምትወጣው።»

ወረፋው ሳቀ። ሚስቱም ፈገግ አለች፤ ስትስቅ ካያት ቆይቷል። ጎሚስታው እምቢ የሚልበት ሰበብ ፈለገ፤ አጣ። ስልኩን ከፍቶ ሰጠ።

የማዕከሉ አሠራር ምስክሩ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ልጅቷም አሠራር አክባሪ ናት።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ጎማ እጠግናለሁ።»

«እሺ።» የአንዲት ሴት ስም ከነአባቷ አነበበች። ቀጥላ ሌላ ሴት። ቀጥላ ሌላ። ቅንድቧ ከፍ አለ። «ሁሉም ሴቶች ናቸው። አባቴ፣ እርስዎ ሰፈር የወንድ ጎማ አይተነፍስም እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ሹፌሩ ነው፤ የጎሚስታውን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «ጋሼ! ዝምተኛን ፍራ የሚሉት ለካ እውነታቸውን ነው!»

ሚስቱ አልሳቀችም። መዳፏን ከዓይኗ ላይ አነሳች።

ከላኪዎቹ አንዳንዶቹ የላኩበትን ምክንያት ይጽፋሉ። ጎሚስታው «ለፀጉር» የሚለው የትኛው ወር ላይ እንዳለ ያውቃል፤ የልጅቷ ጣት ወደዚያው እየወረደ ነው። ሹፌሩም አንገቱን አስግጎ ስልኩን ማየት ጀምሯል።

«ምክንያት የጻፉም አሉ» አለች ልጅቷ። «ለምሳሌ ይቺ፣ ለ…»

ጎሚስታው ክንዱን እስከ ክርኑ በቀዳዳው አስገብቶ ስልኩን ከእጇ ነጠቃት።

«ምን ሆነዋል?»

«ይበቃል።»

«ገንዘቡ የማን እንደሆነ ካላብራሩ ቅናሽ የለም።»

«ሙሉውን እከፍላለሁ።»

«በምንህ?» ሚስቱ ተነስታ ቆማለች። «በምንህ ነው የምትከፍለው? በእነዚያ ሴቶች ብር?»

ጎሚስታው ፊት ለፊቱ ጎማ ቤት ላለው ተፎካካሪው ደወለ፤ ሰውየው ኮምፕረሰሩን ከተመኘ ቆይቷል።

«ኮምፕረሰሩን ውሰደው።»

«ቀልድህን ነው? በስንት?»

«ባልከኝ።»

«እሱ ያኔ ነው፤ አሁን እኮ ዋጋው ወርዷል።»

«በወረደው ይሁን። ብቻ አሁኑኑ ላክልኝ።»

«አንተስ ጎማውን በምን ልትነፋ ነው?»

«በአፌ።»

ገንዘቡ ገባ። ዋናው ሒሳብ ክፍል ያለችው ገንዘብ ተቀባይ ከየት አመጣኸው አላለችውም፤ ሙሉ ለሚከፍል ሰው ማዕከሉ ምስጢር ጠባቂ ነው። እንዲያውም «አባቴ፣ ውሃ ይምጣልዎት?» ብላዋለች።

ነርሷ ሚስቱን ጠራቻት። «እናቴ፣ ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ይውለቅ። ጉትቻ፣ የፀጉር ማስያዣ፣ ቀለበት። ማሽኑ ይስበዋል።»

ቀለበቱ እምቢ አለ። ሚስቱ ጣቷን በምራቋ አርጥባ ታገለችው፤ ወጣ። ጎሚስታው እጁን ዘረጋ። ግራሶ ስንጥቁ ውስጥ የገባበት መዳፉ ፊቷ ተዘርግቶ ቆየ። በደኅናው ዓይኗ አየችው። ከዚያ አልፋው ሄዳ ቀለበቱን ሹፌሩ መዳፍ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቹን አጠፈችለት።

«አንተ ያዝልኝ ወንድሜ። አንተን አውቅሃለሁ።»

«አይዞሽ እትዬ። ግቢ፣ እግዜር ያውቃል።»

ከባዱ በር ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ ከግድግዳው ወዲያ እንደ መዶሻ መደብደብ ጀመረ። ሹፌሩ አግዳሚው ላይ ተጠግቶ ተቀመጠ፤ ቀለበቱን በመዳፉ እያንከባለለ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ወንድ ነኝ፤ ይገባኛል። አልፈርድብህም። ለእትዬም አልናገርም። ለእኔ ብቻ ንገረኝ፤ ሴትየዋ ማን ናት?»

«አልናገርም።»

«ለምን?»

«አልናገርም አልኩህ።»