አንድ ደቂቃ ዝም ይበሉልኝ

ጽጌማርያም የአባቷን፣ የገነተ ማርያሙን መሪጌታ ሰውአገኝን ዜማ ልትቀርጽ ብትነሣ፣ ያ ጉደኛ የኮምፒውተር ቀፎ እንደ ወፍጮ እያጓራ አላስቀርጽ አላት። «አባ፣ አንድ ደቂቃ ዝም ይበሉልኝ» ብላ ጩኸቱን ብቻ ለሙከራ ቀረጸች።

«ከበሮም ባዶ ወለል ላይ ሲያርፍ ይጮኻል፤ ከሥሩ ጎማ አድርጊለት» አሏት ቀረጻው ሲያበቃ እየሳቁ።

«እሺ፣ አስተካክዬ እጠራዎታለሁ።»

ዛሬ ነገ ስትል መሪጌታ በድንገት አረፉ። በአርባቸው ማግስት ከአሮጌ በረባሷቸው ጎማ ቆርጣ ከቀፎው ሥር አደረገች፤ የማራገቢያውንም ብሎን አጠበቀች። ኮምፒውተሩ ጸጥ አለ።

ያላትን አንድ ቅጂ፣ ያን የሙከራውን፣ ከፈተች። ቀፎው ያጓራል። ከጩኸቱ ሥር የአባቷ ትንፋሽ ይሰማል። ዝም ይበሉ ተብለዋልና፣ ደቂቃው እስኪያልቅ ዝም ብለዋል።