የብዙአየሁ ኪዩብ

ታቦር ተራራ ሥር ባለችው የኮንክሪት መፈተሻ ክፍል ውስጥ የኮንክሪት ናሙናዎቹ፣ የኪዩቦቹ፣ መንከሪያ የውኃ ገንዳ ከውስጥ ሲንኳኳ ሁሉም ይሰማል፤ ሁሉም ግን እንዳልሰማ ይሆናል። ደግሞ በደርግ ዘመን ማን ሰማሁ ይላል? ወደ ገንዳው ዞር የምትለው የክፍሉ ሠራተኛ ጽጌሬዳ ብቻ ናት። ማን እንደሚያንኳኳ ታውቃለቻ! ወንድሟ ብዙአየሁ እዚሁ ሲሠራ፣ ኪዩቡን ጥንካሬው በሚለካበት መጭመቂያ ማሽን ውስጥ ከመክተቱ በፊት በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርገው ነበር። "በል እንግዲህ፣ እውነቱን ተናገር" ይለዋል፣ ሰው ይመስል።

ብዙአየሁን የወሰዱት "የቡሹሎው አዲስ ማዋለጃ ቤት ምሰሶዎች ሲሚንቶ ተሰርቆባቸዋል፤ የኮንክሪት ጣሪያውን፣ ሶሌታውን፣ አይሸከሙም" ስላለ ነው። አሻጥረኛ ተባለና ተረሸነ፤ ሬሳውም አልተሰጠም። የቀረው ከምሰሶዎቹ ኮንክሪት ለናሙና የሞላው አንድ ኪዩብ ነው። እርጥብ ሳለ ስሙን በጣቱ ጽፎበታል። ጽጌሬዳ ሰው ሲወጣላት ከውኃው ታወጣውና ጣቷን በፊደሎቹ ላይ ታስኬዳለች። ሌላ ምን አላት?

አንድ ቀን ኃላፊው ጓድ ገብረየስ መጡ።

"ነገ ሶሌታው ይሞላል። የማዋለጃውን ኪዩብ ፈትሺልኝ።"

ጽጌሬዳ የወንድሟን ስም በገዛ እጇ ከምታደቀው ሞቷን ትመርጣለች። የሌላ ሕንፃ ጠንካራ ኪዩብ አንስታ ማሽኑ ላይ አስቀመጠች። ማን ሊያውቅባት?

ማሽኑን ልታስነሳ ስትል ገንዳው ተንኳኳ። ኳ ኳ። ውኃው ንቅንቅ አላለም።

"በስመ አብ!" አሉ ገብረየስ፤ ጓድነታቸው ጠፋ።

"እሺ ወንድም ዓለም፣ በቃ እሺ" አለች ጽጌሬዳ። እናቶች እዚያ ጣሪያ ሥር ሊተኙ ነው። እሱ የሞተው ለእነሱ ነው፤ እሷ ደግሞ ልትሸፋፍነው! በራሷ አፈረች። የብዙአየሁን ኪዩብ አወጣች፣ አደረቀችው፣ አንዴ ሳመችውና ማሽኑ ውስጥ ከተተችው። የመለኪያው መርፌ ገና ከመነሳቱ ኪዩቡ ጧ አለ፤ ስሙም ለሁለት ተከፈለ።

"ስንት አለ?" አሉ ገብረየስ።

"ከሚፈለገው ግማሹን አልደረሰም። ሶሌታ አይሸከምም።"

"ልጄ፣ ወንድምሽም እኮ ይህንኑ ብሎ ነው..."

"አዎ፣ ይህንኑ ብሎ ነው። እርስዎም ሰምተዋል።"

ያን ጊዜ ለተረሸነ ሰው ማልቀስ ክልክል ነበር። ጽጌሬዳ ስብርባሪውን በነጠላዋ ሰብስባ ታቀፈች፤ በጠራራ ፀሐይ መንገድ ዳር ወጥታ ተቀመጠችና፣ "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለች ጮኻ አለቀሰች።